ቅናሹንም ጻፉት

በደሴ ከተማ ለፎቶ አንሺዎች፣ ለቪዲዮ ባለሙያዎች፣ ለግራፊክስ ዲዛይነሮች፣ ለሠዓሊዎችና ለሙዚቀኞች በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም! ጤና ይስጥልኝ!

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ወንበር አለ። የእኛ ሰው ስብሰባ ሲመጣ በር አጠገብ መቆም ይወዳል፤ ነገሩ ካልጣመው ቀስ ብሎ ለመውጣት ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ ገንዘብ ስለሆነ ግን ማንም እንደማይወጣ አውቃለሁ።

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ፣ ከወልዲያ ድረስ የመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጣችሁ ጋሼዎቼ፣ እናንተ በቀይ አምፖል ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ስታጥቡ እኔ ጉርድ ፎቶ ለመነሣት ደጃችሁ የተሰለፍኩ ተማሪ ነበርኩ። እናንተ ባላችሁበት ስለ ሙያ ልናገር ብል ድፍረት ይሆንብኛል። ስለ ሙያው አልናገርም፤ ስለ ሒሳቡ ነው የምናገረው።

በጥያቄ ልጀምር። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ደንበኛ "ስንት ነው?" ብሎ ጠይቋችሁ "ችግር የለም፣ እንተሳሰባለን" ብላችሁ የመለሳችሁ እጃችሁን አውጡ።

አየሁ። አዳራሹ በሙሉ ማለት ነው። ጋሼም አወጡ!

እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህች መልስ ነው። "እንተሳሰባለን" ተብሎ የተጀመረ ሥራ መቼ ነው የሚተሳሰበው? ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። የአዳራሹ ኪራይ፣ ሥጋው፣ ዲኮሩ፣ የመኪናው ኪራይ ሁሉ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደጋሹ ኪሱን ዳብሶ የሚያገኛት ቀሪ የእናንተ ዋጋ ትሆናለች። ታዲያ ዋጋውን ያወጣው ማነው? እናንተ ናችሁ? ደጋሹ ነው? ሁለታችሁም አይደላችሁም። ዋጋችሁን ያወጣው ሠርጉ ላይ የታረደው በሬ ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ከምን በታች መሥራት እንደማይገባን። ሁለተኛ፣ የምንሸጠው ምን እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ዘመድና ጎረቤት ሲመጣ ምን እንደምናደርግ። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ወሎ ውስጥ ሒሳብ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

አንደኛውን ልያዝ። ብዙዎቻችን ዋጋ የምናወጣው እንዴት ነው? ለጎረቤት ስቱዲዮ እንደውላለን። "አንተ ስንት ትላለህ?" "12,000።" እንግዲያው እኛ 11,000 እንላለን። እሱስ 12,000 ያለው ከየት አምጥቶ ነው? ከሌላው ሰምቶ። ሌላውስ? ከሌላው። ማንም ቁጭ ብሎ ያልደመረው ዋጋ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ከሰኞ ገበያ ኮምቦልቻ ሲዞር ይኖራል፤ በዞረ ቁጥር ደግሞ አንድ ሺህ ይጎድልለታል።

እስቲ ወረቀት አውጡ፣ አብረን እንደምር። አንዲት ብቻዋን የምትሠራ ፎቶ አንሺ እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። የቤት ኪራይ፣ ቀለብና ለእናቷ የምትቆርጠው ተደምሮ በወር 18,000 ብር። የስቱዲዮ ኪራይ 6,000። መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት 2,000። ትራንስፖርት 2,000። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንጽፋለን። የማንጽፈው ቀጥሎ ያለውን ነው። ካሜራዋን፣ ሌንሷንና ኮምፒውተሯን ዛሬ ልተካ ብትል 360,000 ብር ይፈጃሉ እንበል። ዕቃዎቹ አራት ዓመት ቢያገለግሏት በየወሩ 7,500 ብር ያልቃል ማለት ነው። ማንም መጥቶ ስለማይጠይቃት ያለቀ አይመስላትም። ለግብር፣ ለሕመም፣ ለክፉ ቀን 4,500 ትያዝ። ድምሩ ስንት መጣ? 40,000 ብር።

አሁን 40,000ን ለስንት ቀን እናካፍለው? "ለ30" ያለው ማነው? አንተ በወር 30 ቀን ደንበኛ አለህ? ጎበዝ! ስልክህን ስጠኝና ጥቂቱን ወደ እኔ ላክልኝ። ሥራ ፍለጋ የሚኬድበት ቀን አለ። ያልተከፈለ ቀሪ ለመጠየቅ የሚመላለሱበት ቀን አለ። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩን እያዩ የሚውሉበት ቀን አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የወሎ የሠርግ ወቅት አለ።

ስለ ወቅቱ ትንሽ ልበል፤ የእኛ አገር ነገር ነውና ደስ ይለኛል። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም አይድርም፤ ሙስሊሙ በረመዳን አይደግስም። በሌላ ጊዜ አንዱ ሲጾም ሌላው ይድራል። ጥር ላይ ጥምቀት አልፎ ክርስቲያኑ ይጨፍራል፤ ረመዳን አልፎ ሸዋል ሲገባ የኒካሑ ድንኳን ይተከላል፤ ፋሲካ አልፎ ደግሞ ሌላው ይቀጥላል። ፎቶ አንሺው ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው እየተሻገረ ዓመቱን ይገፋል፤ የወሎ በረከቱ ይኸው ነው። በ2017 ግን ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለ። ሁለቱ ተደራረቡና ካሜራው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2018ም እንደገና ተደራረቡ። የስቱዲዮ አከራዩ ግን አልጾመም። ይህን ጊዜ የሚችል ዋጋ በሥራው ወቅት ካልተያዘ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ዓመቱን ስናቻችለው ለዚያች ልጅ በወር አማካይ አሥር የሚከፈልበት ቀን እንስጣት። 40,000 ለ10 ሲካፈል 4,000። የአንድ ቀኗ ዋጋ 4,000 ብር ነው። አሁን ሠርግ መጣላት። ከሙሽሮቹ ጋር መነጋገርና ቦታ ማየት ግማሽ ቀን፤ ሠርጉ አንድ ቀን፤ መልሱ ግማሽ ቀን፤ ፎቶ መርጦ፣ አርሞ፣ አልበም አዘጋጅቶ ማስረከብ ሦስት ቀን። አምስት ቀን ሆነ፤ 20,000። ረዳቷ 2,500፣ የአልበም ኅትመት 6,000። 28,500 ብር መጣ። ይህ እንግዲህ ወለሉ ነው፤ ትርፍ የሚባል ነገር አልገባበትም። በከተማው የሚዞረው ዋጋ ስንት ነበር ያልነው? 12,000! አሁን ገባችሁ ካሜራው ሲሞት ለምን ዕቁብ እንደምንገባ?

አንድ ልጅ ይህን ሒሳብ ሳሳየው "እኔ ግን ኤዲቱን የምሠራው ሌሊት ነው፣ እሱ አይቆጠርም" አለኝ። ለምን አይቆጠርም? ላሊበላ ሲታነጽ ቀን ሰው ሲሠራ ይውላል፣ ሌሊት መላእክት ይቀጥላሉ ይላል ትውፊታችን። ልጄ፣ አንተ ቤት ሌሊት የሚመጣ መልአክ ካለ እሰየው። ከሌለ ግን ሌሊቱንም የሠራኸው አንተ ነህ፤ ጻፈው።

የፊልም ዘመን ለዚህ ይሻል ነበር። ጋሼዎቼ ይመስክሩ። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚይዘው። ደንበኛው ፊልሙ ሲያልቅ ያያል፣ ወረቀቱ ሲታጠብ ያያል፣ "አንድ ጨምርልኝ" ሲል አንድ እንደሚያስከፍለው ያውቃል። ዲጂታል ሲመጣ የሚያልቀው ነገር ከዓይን ተሰወረ። "አንድ ጊዜ ጫን ማድረግ አይደል እንዴ?" ይላል። አዎ፣ ጫን ማድረግ ነው። ከመጫኑ በፊት ያለውንና ከተጫነ በኋላ ያለውን ግን አላየም፤ እኛም አላሳየነውም።

ሌላም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ከ100 ብር አለፈ። ሌንስ ከየት ነው የሚመጣው? የባነር ጥቅሉ፣ የኅትመት ቀለሙ፣ ሜሞሪ ካርዱ ከየት ነው የሚመጣው? ከዚያ ቀን በፊት ያወጣውን ዋጋ ዛሬም የሚያስከፍል ሰው ሳያውቀው ራሱን በግማሽ ዋጋ ሸጧል። ፕሮፎርማ ስትሰጡ "ይህ ዋጋ ለ15 ቀን ይጸናል" ብላችሁ ጻፉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ወራት ቆይቶ "አሸንፋችኋል" ሲላችሁ የዚያን ጊዜ ዋጋ ተሸክማችሁ እንዳትቀሩ።

ለመተኪያ የምትቀመጥ ገንዘብ ቅንጦት እንዳልሆነች ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ2014 ጦርነት ተሰድዶ ሲመለስ ስቱዲዮውን ባዶ ያገኘ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። በዚህ ላይ አልጨምርም።

ደግሞ "ደሴ ስለሆንክ ርካሽ መሆን አለብህ" የሚል የአዲስ አበባ ደንበኛ አለ። እሺ፣ የቤት ኪራያችን ይቀንስ ይሆናል። ኮምፒውተሩን ግን ደሴ አላመረተውም! ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ነው የመጣው፣ የጫነውም ተከፍሎታል። በኪራዩ ልክ ቀንሱለት፤ ከዚያ በላይ አትቀንሱ።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። የምንሸጠው ምንድን ነው? ሰዓታችንን ነው? ፎቶውን ነው? እኔ የምለው፣ የምንሸጠው ደንበኛው በሥራችን የሚያደርገውን ነገር ነው። አንድ ሎጎ ለሰፈር ጁስ ቤት ታፔላ ሲሆንና ምርቱን በየክልሉ ለሚልክ ፋብሪካ ካርቶን ላይ ሲታተም፣ እጃችሁ የፈጀው ሰዓት አንድ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ግን አንድ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ጠይቁ። ምን ላይ ይወጣል? ለስንት ጊዜ? ለየት አካባቢ?

አንድ ሆቴል ለምግብ ዝርዝሩ የሚሆን ፎቶ አሠራኝ። ስሙን አልጠራም፣ በዚሁ በእኛ አካባቢ ነው። ክትፎውን፣ ዓሣውን፣ ጥብሱን አነሣሁ፣ አስረከብኩ፣ ተከፈለኝ፣ ተመራርቀን ተለያየን። ከወራት በኋላ መንገድ ላይ ስሄድ ያው ዓሣዬ ከቤት በላይ በሚያህል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ። "ከፍለንሻል እኮ!" አለኝ። "ከፍላችሁኛል፤ ለሜኑው" አልኩት። ውሌ ላይ "ለምግብ ዝርዝር ብቻ" የምትል ቃል ነበረች። ተጨቃጨቅን፣ ሽማግሌ ገባ፣ በመጨረሻ የሰሌዳውን ለብቻ ከፈለኝ። ዛሬ ሰላም እንባባላለን፤ ዓሣ ግን እዚያ አልበላም።

ይህችን ቃል ለምን አጥብቄ እንደማነሣት ላስረዳ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለውን ብዙዎቻችን "ሥራው የሠራው ሰው ነው" ብቻ ይመስለናል። አይደለም። አንድ ሰው አዝዞ በውል ያሠራችሁ ሥራ ላይ፣ ውሉ ሌላ ነገር ካላለ በስተቀር፣ የመጀመሪያው ባለመብት አዛዡ ነው። ሰማችሁ? ዝም ካላችሁ የእሱ ነው! ስማችሁ እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብታችሁ ይቀራል፤ የኢኮኖሚው መብት ግን ወደ አዛዡ ይሄዳል። ስለዚህ "ለዚህ ብቻ" የሚለው ቃል መጻፍ ያለበት ከሥራው በፊት ነው። ከጻፋችሁት ሌላው ጥቅም ሌላ ክፍያ አለው። ካልጻፋችሁት ሰሌዳው ላይ ዓሣችሁን እያያችሁ ታልፋላችሁ።

ይህ መርሕ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ስለ ፍትሐዊ ዋጋ ስናወራ የደንበኛውንም ወገን ማየት አለብንና። የሙሽራዋን ፎቶ በቴሌግራም ገጻችሁ የምትለጥፉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አስፈቅዳችሁ ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት ይከለክላል። ሕጉ የ1952 ነው፤ ቴሌግራም ሳይታሰብ የተጻፈ ነው። ፎቶዋን ለማስታወቂያችሁ የምትፈልጉት ከሆነ እሷም የሰጠቻችሁ ነገር አለ ማለት ነው፤ ከዋጋው ቀንሱላት። የማትፈቅድ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ትክፈል።

አንድ ጊዜ አንድ ሐጂ ለልጃቸው ሠርግ ጠሩኝ። የሴቶቹን ድንኳን የምታነሣ ሴት ፈልገው ነው። ዋጋዬን ነገርኳቸው። ቡናቸውን አስቀመጡና "ልጄ፣ በዚህ ዋጋ እኮ ወንዶቹ ሁለት ሠርግ ያነሣሉ" አሉኝ። "ልክ ነዎት ሐጂ፣ ግን ሴቶቹ ድንኳን አይገቡም" አልኳቸው። ፈገግ አሉ። "እሺ፣ ግን አንድም ፎቶ ከቤቴ እንዳይወጣ።" "አይወጣም። ሥራውን ስጨርስ ሜሞሪ ካርዱን ራሱን አስረክብዎታለሁ፣ ኮምፒውተሬ ላይም አይቀርም። ግን ሐጂ፣ እነዚያ ወንዶች የሚቀንሱልዎ ፎቶውን ለጥፈው ሌላ ደንበኛ ስለሚስቡበት ነው። እኔ ይህን ሥራ ለማንም ማሳየት አልችልም።" ትንሽ አሰቡ። ነጋዴ ናቸው፣ ወዲያው ገባቸው። "መርሐባ" ብለው ቀብዱን እዚያው ቆጠሩልኝ። አላግባባኋቸውም፣ አልለመንኳቸውም፤ ዋጋው ምን ምን እንደያዘ ነገርኳቸው፣ በቃ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ደንበኛው የመጣበትን መኪና አይቶ ዋጋ መጨመር ነውር ነው። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ሲሆን እጥፍ የሚጠራ አለ፤ ይህንንም አልወድም። ያው ሥራ፣ ያው ጥቅም ከሆነ ያው ዋጋ ነው። ዋጋችሁ እንደ ሰዉ ፊት የሚለዋወጥ ከሆነ ለምን ይከበርላችኋል?

እሺ፣ ሦስተኛው። ዘመድ።

ወሎ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ደንበኛ አላችሁ? በእናት ካልተገናኛችሁ በአባት፣ በአባት ካልሆነ በጉርብትና፣ በጉርብትና ካልሆነ በቅሬና በዕድር። አበልጅ አለ፣ የሚዜ ወንድም አለ፣ የቁርኣን አስተማሪያችሁ ልጅ አለ። ይሉኝታ አለ! አዲስ አበባ ሄደው ሥልጠና የወሰዱ ልጆች "ለዘመድ አትቀንስ ተባልን" እያሉ ይመጣሉ። እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም። ያሳደገችኝ ጎረቤት ልጇን ስትድር እንደ ማንኛውም ሰው ላስከፍላት? እንዴት ብዬ ዓይኗን አያለሁ? መቀነስ ጥፋት አይደለም። በነጻ መሥራትም ጥፋት አይደለም። የሚጎዳን በድብቅ መቀነሱ ነው። አሁንም ልድገመው፦ የሚጎዳን በድብቅ መቀነሱ ነው።

እንዴት? ያቺን እናቴን የማላት ጎረቤቴን ልንገራችሁ። የልጇ ሠርግ ደረሰ። መጥታ "ስንት ላዘጋጅ የኔ ልጅ?" አለችኝ። 10,000 ብር ብቻ ልቀበላት በልቤ ወስኜ ነበር። ወረቀት አወጣሁና ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ የሠርግ ፎቶና አልበም፣ 30,000 ብር። ከሥሩ፦ ከልጅሽ የተሰጠ ስጦታ፣ 20,000 ብር። ከሥሩ፦ ቀሪ ተከፋይ፣ 10,000 ብር። ፈረምኩና ሰጠኋት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ መረቀችኝ። ወረቀቱን ይዛ ሄደች፤ ለሠርግ ስጦታ ከመጡት ዕቃዎች ጋር ለእንግዳ ሁሉ ስታሳይ ሰነበተች። "እሷ እኮ ሃያ ሺህ ብር ሰጠችን!"

አሁን አስቡት። ያንኑ ሥራ "10,000 በቂ ነው እማ" ብዬ ብቻ ብተወው ምን ይሆን ነበር? ሠርጉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ "ስንት አስከፈለችሽ?" ብሎ ይጠይቃታል። "10,000" ትላለች፣ እውነቷን ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ 10,000 ይዞ ነው የሚመጣው። 30,000 ልበለው? "ለእነ እንትና በአሥር አይደል እንዴ የሠራሽው? እኛ ምን በደልንሽ?" ይላል። እውነቱን ነው፣ ማን ነግሮት? ለአንዷ ያደረግኩት ቸርነት ለሌላው በደል ይሆናል። እሷም ስጦታ እንደተቀበለች አታውቅም፤ ርካሽ ፎቶ አንሺ ያገኘች ይመስላታል። ወረቀቱ ስላለ ግን ከዚያ ሠርግ ወደ እኔ የመጡት ሰዎች ዋጋዬ 30,000 መሆኑን አውቀው ነው የመጡት። አንዳንዱ ተደራደረ፣ አንዳንዱ ሄደ፤ አሥር ሺህ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም።

ይህን ነገር እኛ ከባለ ማሲንቆዎቻችን ልንማረው ይገባን ነበር። አምባሰልና ባቲ፣ ሁለት የአገራችን ቅኝቶች ስማቸውን የያዙት ከዚህ ከእኛ ምድር ነው፤ ሙዚቀኛ ማክበር ለእኛ ማን ያስተምረናል? ደግ ሰው ተነሥቶ በተጫዋቹ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ያ ሽልማት ነው፤ ሁሉም ያየዋል፣ ማን እንደሰጠ ይታወቃል፣ ተጫዋቹም በግጥም ያመሰግናል። ግን ልብ በሉ፣ ብልሁ ተጫዋች ሠርግ ሲጠራ ከሽልማቱ ውጭ ለመምጣቱ የሚከፈለውን አስቀድሞ ተነጋግሮ ነው የሚሄደው። ሽልማት በዋጋ ቦታ አይቆምም። እኛ ግን "ዋጋውን ተወውና የምትሸልመኝን ሸልመኝ" ብለን ነው የምንገባው። ግጥም እንኳ አንችልም!

"ሥራህን ሰው ያይልሃል፣ ስምህ ይጠራልሃል" የሚሉ ደግሞ አሉ። ስም የሚያስጠራ ሥራ ካመናችሁበት ሥሩት። ግን እሱንም ጻፉት፦ ሙሉ ዋጋ ይህን ያህል፣ በልዋጩ ስማችን በመድረኩና በኅትመቱ ላይ ይጠቀሳል፣ ቀሪ ዜሮ። ስማችሁን ሳይጠቅሱ ቢቀሩ የምትጠይቁበት ወረቀት ይኑራችሁ።

አሁን ስለ ቀብድ፣ ፈጠን ልበል። ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ። ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያዙልኝ ብሎ የቀረ ሰው የሌላውን ሠርግ ነው የወሰደባችሁ። ቀብድ የገበያ ልማድ ብቻ አይደለም፣ ሕግም ያውቀዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለ ሰው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። እጥፉን! ስለዚህ 5,000 ተቀብላችሁ የተሻለ የሚከፍል ሲመጣ የፊተኛውን ብትተዉት 10,000 ትመልሳላችሁ። ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" መሆኑ ይጻፍ፤ በቴሌብር ከተላከም በምክንያቱ ቦታ ይጻፍ። ዝም ብሎ የተላከ ገንዘብ ኋላ ብድር ነበር ይባላል።

ማስተካከያም ይቆጠር። ዲዛይነሮች፣ ይህ ለእናንተ ነው። "ቀለሙን ቀየር አድርጊው፣ ጽሑፉን አተልቂው፣ ወደ መጀመሪያው መልሺው" ሲባል ሳምንት ያልቃል። ሁለት ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ነው፣ ሦስተኛው ይህን ያህል ያስከፍላል ብላችሁ ከጻፋችሁ ደንበኛው ሐሳቡን ሰብስቦ ይመጣል። ተመዝጋቢ የሆናችሁ ደግሞ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ይሁን ከዋጋው ውጭ ለይታችሁ ጻፉ፤ 20,000 ብላችሁ ታክሱ ከዚያው ከወጣ ራሳችሁ ከፈላችሁ ማለት ነው። ድርጅት ቅድመ ግብር ሲቀንስባችሁ የተቀነሰበትን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ፤ ግብራችሁን ስትከፍሉ ይታሰብላችኋል። ያ ወረቀት ገንዘብ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ አይጥ አታስበሉት።

አንድ ወንድማችን ከመግባቴ በፊት በር ላይ ይዞኝ "ለምን ሁላችንም አንድ ዋጋ ተስማምተን አንለጥፍም?" አለኝ። ሐሳቡ ቅን ነው። ግን ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ዋጋ ተስማምተው መወሰናቸውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል። ባይከለክልም አይጠቅመንም። ገና ትናንት የጀመረ ልጅና ጋሼ እንዴት አንድ ዋጋ ይኖራቸዋል? የሚጠቅመን ወጪያችንን አለመደባበቅ ነው። ሌንሱ ስንት እንደገባህ፣ አልበሙ ስንት እንደታተመልህ ንገረኝ፣ እኔም እነግርሃለሁ። ዋጋችንን ከዚያ እያንዳንዳችን በየቤታችን እናውጣ።

"ደንበኛ ይሸሸኛል" ትላላችሁ። ይሸሻል፣ አልዋሻችሁም። አንዳንዱ ይሸሻል። ነገር ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ዋጋ ስትናገሩ ተናግራችሁ ዝም በሉ። "ሠላሳ ሺህ ነው፣ ግን እንነጋገራለን፣ ማለቴ ሊቀንስ ይችላል፣ ካልሆነም…" ምንድን ነው ይህ? እሱ ሳይናገር ራሳችሁ ወረዳችሁ! "30,000 ብር ነው" በሉና ሻያችሁን ጠጡ። እሱ ይናገር። በጀቱ ትንሽ ከሆነ ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን ቀንሱለት፤ አልበሙ ይቅር፣ መልሱ ይቅር፣ ፎቶው በፍላሽ ይሰጠው። በ30,000 የሚሠራውን ያንኑ በ18,000 ከሠራችሁለት ግን የቀነሳችሁት 12,000 ምን ነበር ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

የፕሮፎርማና የውል ናሙና አዘጋጅቼ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ስትወጡ ውሰዱ፣ ቅናሽ የሚጻፍበት ረድፍ አለው፤ ኮፒውን በነጻ አድርጌላችኋለሁ፣ ስንት እንደፈጀብኝም ግርጌው ላይ ጽፌዋለሁ።

ቡናው እስኪደርስ ጥያቄ እንቀበላለን። እሺ፣ እዚያ ጋር፣ ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን ሥራስ ያልከው ወንድሜ፤ ሰምቼሃለሁ። እሱም ያው ነው። በነጻ ሥራው፣ አላህም እግዚአብሔርም ይቀበልህ፤ ግን ለኮሚቴው ሙሉ ዋጋው ተጽፎ፣ ከሥሩ "ሙሉ በሙሉ የተበረከተ" ተብሎ፣ በማኅተማቸው ተቀብለው ይፈርሙልህ። ለግንባታው ብሎኬት ያመጣው ነጋዴ በመዝገቡ ላይ ከነብሩ ሲነበብለት የአንተ ሦስት ሌሊት ለምን "አንድ ልጅ ረዳን" ተብሎ ይታለፋል? ቀጥሎ፣ እህቴ፣ ባለ ሰማያዊ ሻሿ፣ ጠይቂ።